ንጉሡ በወረዱበት ሳምንት ምን በላችሁ?

መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው የመጀመሪያ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ከአንበሳው እይታ ሥር» እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ አዲስ አበባ ተወልዳ ገና በሕፃንነቷ ከአገር የወጣች ናት። ከእናንተ ስሟን የሰማ ካለ ምናልባት በሁለተኛው መጽሐፏ ይሆናል፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። እኛ ግን በዚህ ክረምት በቅዳሜ ከሰዓቱ የወጣቶች ኅብረት ላይ የመጀመሪያውን እየተረጎምን ስናነብ ከረምን። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ መጽሐፉ ስለ አብዮቱ ነው ብለውን ነበር፤ እስካሁን የሰማነው ግን ስለ አንዲት የታመመች ሴት አልጋ ነው» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ነገሩ ግን ሂስ ነው፤ ያውም ደኅና ሂስ። በዚያን ቀን ሰዓቱ አልበቃንምና እዚህ በጽሑፍ ልመልስለት።

ልጁ ያለው እውነት ነው። አገር እየተናወጠ ነው፤ ሐኪሙ ኃይሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከአንድ ወጣት ሰውነት ጥይት ያወጣል። ሐሳቡ ግን ሚስቱ ሰላም ዘንድ ነው። ልቧ ደክሟል፤ ሆስፒታል ተኝታለች፤ መዳን እንደማትችልም እሷ ራሷ ታውቃለች። ታላቁ ልጅ ዮናስ ከሚስቱ ከሣራና ከትንሿ ልጃቸው ከትዝታ ጋር በአባቱ ግቢ ይኖራል። ታናሹ ዳዊት ተማሪ ነው፤ ልቡ ያለው ከሰልፈኞቹ ጋር ነው። አባትና ልጅ ይጣላሉ። የሚጣሉት ስለ ንጉሡና ስለ ተማሪዎቹ ይመስላል፤ ልብ ብላችሁ ስታነቡት ግን ስለ እናትየው ነው። አንዱም ሊናገረው ያልቻለው ነገር እሷ እየሞተች መሆኗን ነው፤ ስለዚህ ስለ መንግሥት ይጮኻሉ። ይህ በብዙ ቤት የሚሆን ነገር ነው። ሰው ስለ አገሩ ሲጮህ አንዳንድ ጊዜ የሚጮኸው ስለ ጓዳው ነው።

የ1967ን መስከረምና ተከታዮቹን ወሮች በቀን በቀኑ ከትምህርት ቤት ታውቋቸዋላችሁ። በዘመን መለወጫው ማታ የወሎው ረኀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኅዳር 14 ቀን 60 ሰዎች ተረሸኑ። ታኅሣሥ 12 ቀን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። ይህን ሁሉ የሚተርኩ ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት አሉን፤ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ የፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»። ጠቃሚዎች ናቸው። በአብዛኛው የሚነግሩን ግን ማን ከማን ጋር እንደ ተሰበሰበና ማን ማንን እንዳሰረ ነው። በስብሰባው ማግሥት ቤቱ ገብቶ ልጁን ስላቀፈ ሰው ከፈለጋችሁ ብዙ ገጽ ትገልጣላችሁ።

ከቤተ ክርስቲያናችን አባቶች አንዱን፣ ንጉሡ በወረዱበት ሳምንት ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። ጥያቄው አስገረማቸው። «ምን አደርጋለሁ? በቆሎ እጠብቃለሁ እንጂ!» አሉኝ። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮ። የጥበቃው ማማ ላይ የተነጠፈው ሣር በዝናቡ በስብሶ ስለ ነበር ሌላ ለማጨድ ወርደው እንደ ነበር እንኳ አልረሱም። ወሬውን የሰሙት ከቀናት በኋላ ከገበያ ከተመለሰ ጎረቤት ነው፤ እሱም የሰማው ከሌላ ሰው ሬዲዮ ነው። (በዚያን ጊዜ ለአማኞቹ ሬዲዮ ማለት ብሥራተ ወንጌል ነበር፤ ደርግ በ1969 ወረሰው።) ለመስቀል አንጮቴ ተቀቀለ። የባለርስቱ ድርሻ እንደ ወትሮው ይታሰብ ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ሳስብ ከረምኩ። የመሬቱ ዐዋጅ የወጣው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ መኸሩ ገብቶ፣ ተወቅቶ፣ ተከፍሎ አልቋል። እንግዲህ የ1967 መኸር በጭሰኛና በባለርስት መካከል የተከፈለ የመጨረሻው መኸር ነበር ማለት ነው። ያን በቆሎ ከዝንጀሮ የጠበቁት ሰዎች ግን የመጨረሻው መሆኑን አያውቁም። እንደ ከርሞው ሁሉ ቆጥበው፣ እንደ ከርሞው ሁሉ ተጨንቀው ሰበሰቡት። በታሪክ መጽሐፍ ላይ ይህን መስከረም የምናነብ እኛ ፍጻሜውን ስለምናውቅ ሁሉም ሰው ቆሞ ንጉሡን ሲያይ የነበረ ይመስለናል።

አሁን ወደ ልጁ ቅሬታ ልመለስ። የመዓዛ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል ኃይል ያገኘው፣ በእኔ ፍርድ፣ ከዚህ አለማወቅ ነው። ሰላም አልጋ ላይ ሆና እንዲለቅቃት ባሏን ትጠይቀዋለች፤ ይበቃኛል ትለዋለች። እሱ እምቢ ይላል። ሐኪም ነውና መርፌውም መድኃኒቱም በእጁ ነው። እዚህ ላይ ደራሲዋ አብዮቱን ለማስረዳት አልተጣደፈችም። አልጋው አልጋ ነው፤ የሚሞተው ዘመን ምልክት አይደለም። አንባቢ ከፈለገ፣ «አንድ አሮጌ ሥርዓትም እንደዚሁ አልሞትም እያለ ነበር» ሊል ይችላል፤ ደራሲዋ ግን አላለችም። ሚስቱን መልቀቅ ያልቻለ አንድ ባል ብቻ ነው ያሳየችን። እንደዚህ ዐይነቱን ባል በኪራሙም በነቀምቴም በየሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

መጽሐፉ የሚደክመው ወደ ኋላ ላይ ነው። ከሰላም ሞት በኋላ ቤቱ ቀስ በቀስ የራሱን ሰዓት ያጣል። ዳዊት ጀግና ይሆናል፤ በየጎዳናው የተጣሉ አስከሬኖችን ያነሳል። ጓደኛው ሚኪ ወታደር ሆኖ በግድያው ውስጥ ይገባል። ዮናስ የሚጸልይና የሚታገሥ ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ አቋም ተሸክሞ ይዞራል፤ የአገሪቱ ችግር በአንድ ግቢ ውስጥ ወኪሎቹን ሁሉ ያገኘ ይመስላል። እውነተኛ ቤተሰብ እንዲህ አይደለም። በእውነተኛ ቤት ውስጥ በቀይ ሽብር ጊዜም የጥርስ ሕመም አለ፤ የተጣሉ ምራትና አማት አሉ፤ ብድሩን ያልመለሰ አጎት አለ፤ ከአብዮቱ ጋር ምንም የማይያያዝ ሳቅ አለ። ይህ ሲጎድል የሚፈሰው ደም እንኳ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሞተው ማን እንደ ነበር በሚገባ አላየንማ! ደራሲዋ የገጸ ባሕርያቷን ሥቃይ በዝርዝር ትጽፋለች፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ለወጣቶቹ ሳላነብ ያለፍኩት አለ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የሰላም አልጋ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሁለቱ ይገናኛሉ። ወታደሮች የተሠቃየች አንዲት ወጣት ወደ ኃይሉ ያመጣሉ፤ እንድትድን የሚፈልጉት መልሰው ሊመረምሯት ነው። ኃይሉ መርዝ ይሰጣታል። በኅብረታችን ከሁሉ በላይ የተከራከርንበት ገጽ ይህ ነው። ሁለት ቅዳሜ ወሰደብን። ገሚሱ ኃጢአት ነው አለ፤ ገሚሱ ምሕረት ነው አለ፤ አንዷ፣ «እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም» ብላ ቁጭ አለች። ነፍስ የእግዚአብሔር እንደ ሆነች አምናለሁ፤ ኃይሉ ትክክል ነበር አልልም። በክርክሩ ሙቀት ሁላችንም የዘለልነው ግን አንድ ነገር አለ። ይህ ሰው የገዛ ሚስቱ ልቀቀኝ ስትለው ያልለቀቀ ሰው ነው። ለሰላም የነፈጋትን ለማያውቃት ልጅ ሰጠ። ድርጊቱ ከሐዘኑ የወጣ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ስለ አልጋው ያላነበበ አንባቢ እዚህ ሲደርስ የሚያየው የፖለቲካ ድርጊት ብቻ ነው፤ ያነበበ ግን ባል የሞተችበትን ሚስቱን ሲያይ ያያል። ስለ አልጋው ያጉረመረምከው ወንድሜ፣ መልሴ ይህ ነው።

የቅርቡን ነገር ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» በተባለ መጽሐፉ የቤተ መንግሥቱን ውድቀት በአሽከሮቹ አንደበት ይተርካል። የንጉሡ ትንሽ ውሻ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና በጨርቅ የሚጠርግ ሰው አለ፤ ለንጉሡ እግር ትራስ የሚያቀርብ ሰው አለ። ዓለም ይህን ወድዶታል። እኔ ግን ሳነበው ሰዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ የሚናገሩ ሆነውብኛል፤ ስማቸው በፊደል ብቻ ተመልክቷል፤ ቤት፣ ሚስት፣ ዕዳ የላቸውም። እውነተኛነቱን የተጠራጠሩም ጥቂት አይደሉም። ዝርዝሩ ለመሳቂያ የተመረጠ ሲሆን ሰውየው ይጠፋና ጨርቁ ብቻ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ ከእጃችን ያልራቀ ምሳሌ አለን። መጽሐፈ መሳፍንት የሚያበቃው አንድ ነገድ በወንድሞቹ ሊጠፋ በደረሰበት ጦርነት ነው። ገጹን ስትገልጡ በዚያው በመሳፍንት ዘመን የሆነ ሌላ ታሪክ ይጠብቃችኋል። ጦርነት የለበትም። ረኀብ አለ፤ ሦስት ሞት በጥቂት ቁጥሮች ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የገብስ ማሳ ነው። ሩት በእርሻ ላይ የተሰጣትን ጥብስ እሸት በልታ ከጠገበች በኋላ የተረፈውን ለአማቷ ይዛ ትሄዳለች። የቃረመችው ተወቅቶ ስንት እንደ ሆነ እንኳ ተሰፍሮ ተጽፏል። ጸሐፊው፣ «በዚያን ዘመን አገሪቱ በታላቅ ቀውስ ውስጥ ነበረች፤ ሩትም የተስፋ ምልክት ነበረች» አይለንም። የሰፈረውን ገብስ አስቀምጦልን ይሄዳል፤ የዳዊት ስም የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሩት ራሷ ያን አታውቅም። መጽሐፈ አስቴርን ደግሞ አስታውሱ፤ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜም አልተጠራበትም፤ ቢሆንም ከመጽሐፍ ቅዱሳችን አልወጣም።

ይህን የማነሣው ለዚህ መጽሔት ከሚደርሱን ጽሑፎች የተነሣ ነው። በነሐሴ 2013 በኪራሙ የሆነውን ማናችሁም ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም። ኦሮሞውም አማራውም ቀብሯል፤ ኦሮሞውም አማራውም ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው መጸው አገር በሙሉ የተጨነቀበት ነበር፤ ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ሰሜኑ በጦርነት ላይ ነበር። በእኛ ዘንድ ስልክ ሲጠፋ የሰሜኑን ወሬ ቀርቶ ነቀምቴ ያለ ዘመዳችንን ድምፅ መስማት አንችልም ነበር። ያን ጊዜ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት የነበራችሁ ዛሬ ትጽፋላችሁ። የምትልኩልን ግን በአብዛኛው አንድ ዐይነት ነው፤ «መከራ መጣ፤ ጸለይን፤ ጌታ አወጣን»። ሦስት ዐረፍተ ነገር። ምስክርነቱ እውነት ነው፤ እኔም ከአወጣቸው አንዱ ነኝ። በ«መጣ»ና በ«አወጣን» መካከል ያሉት ወራት ግን የት ገቡ? በእነዚያ ወራት ተበልቷል፤ ተጋብቷል፤ ተወልዷል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ሦስት ቤተሰቦች በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ታርቀዋል። ያን ካልጻፋችሁት ስለ እናንተ የሚጻፈው የሟቾች ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ ቁጥሩንም የሚጽፉት ሌሎች ናቸው።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። በወለጋ ቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 እንደ ተወሰዱና እንዳልተመለሱ በየስብከቱ እንሰማለን። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶለሳ ወደ 10 ዓመት ገደማ መታሰራቸውንም እንሰማለን። 10 ዓመት ግን ከ3,600 በላይ ጠዋት ነው፤ በእያንዳንዱ ጠዋት ልጆቹን ማን አበላ፣ ስንቅ ማን አመላለሰ፣ በየትኛው ሳህን? እንደዚህ ያለ ጥያቄ ያነሣ ስብከት እስካሁን አልሰማሁም።

ባለፈው ወር ከአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አንድ ጽሑፍ ደረሰን። ሁለት ገጽ ነው። በዚያ ሌሊት ሲወጡ እናቷ ከመንገድ ተመልሰው ወደ ቤት ገቡ። ልጆቹ ብርድ ልብስ ሊያመጡ ነው ብለው ጠበቁ። ይዘው የወጡት እርሾ ነው፤ ክዳን ባለው የዘይት ጀሪካን ቁራጭ ውስጥ፣ በነጠላ ጠቅልለው። መንገድ ላይ እርሾው እየኮመጠጠ ፈልቶ ነጠላውን አበላሸው፤ ታላቅ ወንድሟ ሽታው አስጠልቶት ተቆጣ። በተጠለሉበት ቦታ ዱቄት ሲታደል ብዙ ሴቶች እርሾ አልነበራቸውም። እናቷ በሲኒ በሲኒ እየቀዱ ሰጡ። ከወሰዱት መካከል በሌላ ቀን ቢሆን የማይነጋገሯት ሴት ነበረች፤ ማን እንደ ሆነች ልጅቷ ጽፋለች፤ እኔ እዚህ አልደግመውም። «አመሰግናለሁ አላለችም፤ ሲኒውን ግን አጥባ መለሰች» ትላለች።

እስከዚህ ድረስ አንድ ቃል የሚነካ አላገኘሁም። ሲኒው ታጥቦ መመለሱን ያየች ልጅ ጸሐፊ ናት። ከዚያ በኋላ ግን አንድ አንቀጽ ጨምራለች፤ እርሾው የእግዚአብሔር መንግሥት ምሳሌ እንደ ሆነ፣ እኛም ለአገራችን እርሾ መሆን እንዳለብን የሚያስረዳ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስሕተት የለበትም። በእኔ ዐይን ግን የእናትየውን እርሾ ከእጃቸው ነጥቆ ስብከት ላይ አስቀመጠው። በነጠላ የተጠቀለለው፣ የሸተተው፣ ልጁን ያስቆጣው እርሾ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ አይሸትም።

አንቀጹን ብታስቀሪው ይሻላል አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «መምህር፣ ያለ ጥቅስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይነበባል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሩትንና አስቴርን ጠቀስኩላት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበራት። «እሱን የጻፍኩት ለእናቴ ነው። በዚያ ሌሊት ለብርድ ልብስ ሳይሆን ለእርሾ በመመለሷ እስከ ዛሬ አባቴ ይወቅሳታል። ጥቅሱ ያለበት ከሆነ አይወቅሳትም ብዬ ነው» አለችኝ።

ለዚህ የሚሆን የሂስ ሕግ የለኝም። እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው አንቀጹ ይውጣ ባይ ነኝ፤ አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። የዝግጅት ክፍሉ ጓደኞቼ ግን ልጅቷ እንደ ጻፈችው ይታተም ብለው ወስነዋል፤ በዚሁ እትም ከዚህ ጽሑፍ ቀጥሎ ታገኙታላችሁ። አባትየው መጽሔቱን ከሚገዙት አንዱ ናቸው።